ዘጠነኛው ጉድጓድ

ይህን የምነግራችሁን ከዋሸሁ የምበላው ቆጮ ጉሮሮዬ ላይ ይቁም፤ ውሃ እንኳን አያውርደው። ዋሾ መሆኔን የሚመሰክሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ወልቂጤ ገብታችሁ ስለ ደበሌ ብትጠይቁ፣ ጅብ ላይ እህል ጭኖ ወፍጮ ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው ይሏችኋል። ብያለሁ፣ አልክድም፤ የዚያን ቀን ሰው መሳቅ ነበረበት። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ይሄኛው ከነአፈሩ የወጣ እውነት ነው።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አባቴ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ከአባቴ በላይ ቆጮ፣ ከቆጮው በላይ የእንጀራ እናቴ፣ ከእንጀራ እናቴ ፊት ደግሞ ዱላ የያዙ ሁለት የጣሊያን መኮንኖች ነበሩ። እኔ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ የቀረበ ልጅ፣ ከዚህ ሁሉ ያየሁት አንዲት ነጭ ኳስ ብቻ ነው። ያየሁትንም ጮኼ ተናገርኩ።

አገራችን ቸሃ ነው፤ ከወልቂጤ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። የኛን አገር ጀፎረ ያላየ ሰው ይህን ታሪክ አያምንምና ስለ እሱ ጥቂት ልበል። ጀፎረ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። መንገዳችንም መሰብሰቢያችንም ማልቀሻችንም እሱ ነው። ከብት ይግጠዋል እንጂ ማንም አያርሰውም፤ አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው ያስጠጋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ከብት ግጦት አዲስ እንደተላጨ ራስ ይለሰልሳል። የኛ ጀፎረ ቁልቁል ወርዶ ጨፌ ዳር ያልቃል፣ ጨፌው ደግሞ መስከረም ላይ ውሃ ይቋጥራል። ከጨፌው ማዶ ያለው የመጨረሻው አጥር የኛ ነበር።

ወልቂጤ የሰፈረው ጦር አዛዥ ካፒቴን ሩጄሮ የሚባል ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነበር። በየዓመቱ የእረፍት ጊዜው ሲደርስ አገሩ ገብቶ፣ ከባሕር ዳርቻ በተነጠፈ ሣር ላይ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ ነው አሉ የሚያሳልፈው። በሺ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ መስከረም ላይ ግን ጫካ የገቡት ሰዎች መንገዱን አላስኬድ ስላሉ፣ እረፍትህን እዚያው ባለህበት ውሰድ ተባለ። አኩርፎ በበቅሎ ሲዞር ጀፎረአችንን አየ። ከበቅሎው ወርዶ ሣሩን በእጁ ዳሰሰው። ጨፌውንም አየና "ማሬ" አለ። በነሱ ቋንቋ ባሕር ማለት ነው ብሎ አስተርጓሚው ገብረወልድ ነገረን። የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ተካ በዚህ በጣም ተደነቀ። ከብቶቻችን ስንት ዘመን ባሕር ሲጠጡ ኖረው እኛ ሳናውቅ እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ያወራ ነበር።

ጨዋታው ጎልፍ እንደሚባል የሰማሁት አድጌ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለሰፈሩ ሰው የገባው፣ ካፒቴኑ ያለ ተጋጣሚ የገና ጨዋታ እንደሚጫወት ነው። በኛ ገና ኳሷን ከሃምሳ ሰው ዱላ ነጥቀህ፣ ቅልጥምህ ተመትቶ፣ አሸንፈህ ትገባለህ። እሱ ግን ማንም ሳይነካው ኳሷን አቁሞ፣ አይቶ፣ እንደገና አይቶ ይመታታል፤ ከዚያ ራሱ በራሱ ይናደዳል። ብቻውን ተጫውቶ የሚሸነፍ ሰው ማየት ለኛ ትልቅ መዝናኛ ነበር። ጎረምሶቹ አዘኑለትና አንድ ቀን ሊጋጠሙት ዱላ ይዘው ወረዱ፤ ወታደሮቹ ጠመንጃ ሲያነሱባቸው ግን ሐዘናቸውን ይዘው ተመለሱ።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ካፒቴኑ አባ ተካን አስጠርቶ፣ ከጀፎረው ራስ እስከ ጨፌው ማዶ ዘጠኝ ጉድጓድ አስቆፍርልኝ አለው። በኛ አገር ጉድጓድ ሲባል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ እንሰት ተፍቆ ቆጮ የሚቀበርበት። ይህ ደግሞ የሴቶች ሥራ ነው። አባ ተካ ትእዛዙን ለሴቶቹ አስተላለፈና እጁን አራገፈ። ሴቶቹ ተሰብስበው ተወያዩ። ጎረቤታችን ሃሊማ ምላሷ ስለት ነበርና፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆጮ የሚበላው ስንት ሚስት ቢኖረው ነው ስትል ሁሉም በሳቅ ተንከተከቱ። ከዚያም ቆፈሩ። ጥጃ የሚውጥ ጥልቀት እስኪኖረው ቆፍረው፣ በእንሰት ቅጠል ዙሪያውን አልብሰው፣ ዘጠኙንም አሳምረው አስረከቡ።

ካፒቴኑ መጥቶ አየ። የመጀመሪያው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ተመለከተና የያዛትን ትንሽ ኳስ አየ። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ያገሬ ሰው ጅል መሆኑ ገረመኝ።

ጅሉ እኔ ነበርኩ። ስምንቱ ጉድጓድ በእርግጥም ባገር ልማድ የተቆፈሩ ናቸው፤ የቆፈሩት ሴቶች ከልባቸው ቆጮ መስሏቸዋል። ዘጠነኛው ግን አልነበረም። ገብረወልድ ትእዛዙን ሲያስተረጉም የጉድጓዱን ልክ እያወቀ ዋጠው። እንዲውጠው የለመነችው የእንጀራ እናቴ መንበረ ናት። አባቴ አስረስ ለኔ አዲስ አበባ ይነግዳል፣ ለመስቀል ይመጣል የተባለው፣ ንግድ ላይ አልነበረም፤ ጫካ ነበር። ጭኑን በጥይት ተመትቶ ከመጣ ሳምንት ሆኖታል። ወታደሮቹ ደግሞ ያን ሰሞን በየጓሮው እየዞሩ የቆጮ ጉድጓዱን ሁሉ በሳንጃ ይወጉ ነበር። ካፒቴኑ ራሱ ያስቆፈረውን ጉድጓድ ግን የትኛው ወታደር ይወጋል?

ካፒቴኑ ስምንቱን በአፈር አስሞልቶ የቲማቲም ጣሳ አስቀበረባቸው። ዘጠነኛው ዘንድ ሲደርስ መንበረ አጥሯ ሥር እጇን አጣምራ ቆማለች። የተቆፈረ ጉድጓድ ባዶውን አያድርም ብዬ ቆጮዬን ቀብሬበታለሁ፣ ሳይበስል ከወጣ ይበላሻል፣ ልጄን ምን ላበላው ነው አለችው በገብረወልድ በኩል። በቅጠሉ መካከል የጡጫ ስፋት ያላት ቀዳዳ ነበረች። ይቺስ ብሎ ጠየቀ። ቆጮው የሚተነፍስባት ናት አለች። ካፒቴኑ ቀዳዳዋን በኳሱ ለካት፤ ልክ ናት። ደስ ብሎት አጠገቧ ቀይ ባንዲራ ተከለባትና ማንም እንዳይነካት አዘዘ።

አባቴ የሚተነፍስባት ቀዳዳ እንዲህ ሆና በጣሊያኑ ባንዲራ ሥር ዋለች።

እኔና መንበረ አንዋደድም ነበር። ማለቴ እኔ አልወዳትም። እናቴ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር፤ መንበረ የመጣችው በዓመቱ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቆጮ ስትቆርስ በጥፍሯ ለክታ የምትቆርስ ሴት ናት። ያን መስከረም ደግሞ ቁርጧ ይበልጥ አነሰ። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ አንድ ጠዋት ከአጥሩ ኋላ አየኋት፤ ጉልበቷ ላይ ወድቃ፣ ቅቤ የጠጣ ትኩስ ጉርሻ በቅጠል ጠቅልላ በቀዳዳዋ ውስጥ ትጥላለች። ምንድነው ስላት ሳትደነግጥ ዞራ አየችኝና፣ ቆጮ እንዲበስል ቅቤ ይወዳል አለች። እኔ ያን ቀን የበላሁት ጎመን ነበር። ቆጮው ቅቤ ሲበላ እኔ ጎመን።

ሌላ ጊዜ ጉድጓዱ ሲስል ሰማሁ። ሰው እንደሚስለው፣ ሁለቴ። ሮጬ ለመንበረ ብነግራት፣ የሚብላላ ቆጮ እንዲህ ያጉረመርማል ብላ ወደ ውሃ ላከችኝ። እኔ ግን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ የኛ ቆጮ ያስላል ብዬ አወራሁ። ከዚያ በፊት እንሽላሊት ዋሽንት ትነፋለች ብያቸው ስለነበር ማንም አላመነኝም። እግዚአብሔር ይመስገን፤ በሕይወቴ ዋሾነቴ እንደዚያ ቀን የጠቀመኝ ጊዜ የለም።

ካፒቴኑን ግን እወደው ነበር። ከኪሱ ከረሜላ እያወጣ ይሰጠኛል፣ ጠጉሬን ያሻሸኛል። በኋላ እንደሰማሁት ያችው እጅ ወልቂጤ ገበያ ላይ ሁለት ሰው እንዲሰቀል የፈረመች እጅ ናት። ሁለቱም የአባቴ ጓደኞች ነበሩ። ያን ጊዜ የማውቀው የከረሜላውን ጣዕም ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ምራቄም ይመጣል፣ ያቅለሸልሸኛልም።

ጨዋታውን በየቀኑ ይጫወታል፤ ዘጠነኛው ዘንድ ግን ደርሳ የምታውቅ ኳስ አልነበረችም። ኳሷ ጨፌውን ተሻግራ መምጣት አለባት፣ ካፒቴኑ ደግሞ ሁልጊዜ ጨፌው ውስጥ ይከታታል። ያኔ "ማሬ" ብሎ እጁን ያወዛውዝና ሌላ ኳስ ከኪሱ አውጥቶ ይጥላል፤ ደንቡ ነው አሉ፣ ባሕር የበላውን ማንም አይፈልግም። መንበረ በጨፌው ተማምና ነበር።

የመስቀል ዋዜማ ሲቃረብ ገብረወልድ ብቻውን በጓሮ በኩል መጣ። እኔ እንሰቱ ሥር ተደብቄ ነበር። ነገ ትልቁ ሰው ከጅማ እንደሚመጣ፣ ከጨዋታው በኋላም ቤት ለቤት እንደሆነ ሲነግራት ሰማሁ። መንበረ ፊቷ ተለወጠ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እኔ ግን ልቤ በደስታ ዘለለ። መስቀል ነዋ። በመስቀል ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ነው የሚበላው፤ ትልቁ ሰው ሊበላ ይመጣል፣ ለሱ ሲቆረስ ለኔም ይደርሰኛል። ገብረወልድን ዝም ብዬ እንደ ባንዳ እፈራው ነበር፣ ያን ቀን ግን ወደድኩት።

ትልቁ ሰው ሻለቃ ነበር፤ አንገት የለሽ፣ ጢሙ የተቀባ፣ ከፈረሱ ሲወርድ ፈረሱ እፎይ የሚል ዓይነት ሰው። ከኋላው ወታደር አሰልፎ መጣ። ካፒቴኑ ግን ከሁሉ በፊት ሜዳውን ሊያሳየው ጓጉቷል። ሁለቱም ዱላቸውን ይዘው ከላይ ጀመሩ፣ ወታደሮቹ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ ሰፈሩ በሙሉ ግራና ቀኝ ቆሞ ያያል። ከኛ አጥር ሥር፣ ጉድጓዱ አጠገብ፣ መንበረና ሃሊማ ከሌሎች ሴቶች ጋር የእንሰት ግንድ አጋድመው ይፍቃሉ። በመስቀል ዋዜማ ማን እንሰት ይፍቃል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እስከ ስምንተኛው ድረስ ሁለቱ እኩል ሄዱ። ሻለቃው በሳተ ቁጥር ጢሙን ይነክሳል፣ ካፒቴኑ በመታ ቁጥር ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ፈገግ ይላል፤ አለቃውን ማሸነፍ ፈርቷል፣ መሸነፍም አልፈለገም። ዘጠነኛው ላይ ሻለቃው መታ፤ ጨፌው ቦጭ አለ። ተራው የካፒቴኑ ሆነ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ማንም አያምነኝም፣ ግን ከዋሸሁ የቅድሙ መሐላ ይድረስብኝ። ካፒቴኑ መታት። ኳሷ ከፍ ብላ ጨፌውን ተሻገረች፣ ስትወርድ የሃሊማ ላም ከውሃው ዳር ቀና አለች፣ ኳሷ ቀንዷን መታችና ነጠረች። ከዚያ በሣሩ ላይ እየተንከባለለች፣ እንደ አይጥ እየተሽሎከለከች መጣች፣ የእንሰቱን ቅጠል ወጣች፣ ባንዲራውን ዞረች፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ጥልቅ አለች።

ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ይቻላል። ማዶ ያሉትን ላሟ ከልላባቸዋለች። ካፒቴኑ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ይፈልጋል። በሕይወቱ እንደዚያ መትቶ አያውቅም፣ እሱ ግን አላየም። እኔ ዘለልኩ።

"ገባች! ጉድጓዱ ገባች!"

በቋንቋችን ነው የጮኽኩት። ካፒቴኑ ወደ ገብረወልድ ዞረ። ገብረወልድ ፊቱ ላይ አንድ ጅማት ሳይንቀሳቀስ፣ ሕፃኑ ኳሷ ውሃ ውስጥ ስትገባ አይቶ አዝኖልሃል ብሎ አስተረጎመ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የገባኝ፣ ካፒቴኑ ከመደሰት ይልቅ ትከሻው መውረዱ ብቻ ነው። እንዴት አይደሰትም ብዬ ግራ ገባኝና ወደ ጉድጓዱ ሮጥኩ፣ ኳሷን አውጥቼ ላሳየው።

መንበረ ቀደመችኝ። የምትፍቅበትን ጣለች፣ በሁለት እርምጃ ደረሰች፣ ቀሚሷን ዘርግታ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ቀዳዳዋ ላይ ቁጭ አለች። ሃሊማ የእንሰቱን ግንድ እየጎተተች ፊቷ አደረገችላት፤ ሌሎቹም ዙሪያዋን ከበው መፋቅ ቀጠሉ።

ካፒቴኑ ጥርጣሬ ገብቶት ኖሮ ጨፌውን ዞሮ መጣ፣ ሻለቃውም ተከተለው። በኛ አገር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አይቀርብም፤ ነውር ነው። አባ ተካ ሁለቱ ሲጠጉ አየና ቀስ ብሎ ጀርባውን ሰጠ። የሰፈሩ ወንድ በሙሉ አንድ ባንድ ዞረ። ጀፎረው ሙሉ ጀርባ ሆነ። ካፒቴኑ መሐል ላይ ቆም አለ። ምንድነው ብሎ ጠየቀ፣ ገብረወልድም የሴቶቹን ደንብ አስረዳው። እሺ፣ ግን ጉድጓዱን ልየው አለ።

መንበረ ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር።

"ይየው። የተከፈተ ጉድጓድ ያየ ወንድ ግን ቆጮውን በልቶ ጨርሶ ነው የሚሄደው፣ ደንባችን ነው። ጥሬውን ነው። ሻለቃውም አብሮ ካየ አብሮ ይቀመጥ።"

እንዲህ ያለ ደንብ ከአዳም ጀምሮ ቸሃ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። አባ ተካ ግን ፊቱን ሳያዞር፣ እንደ ምስክር እጁን አነሳ።

"እውነቷን ነው። አጎቴ በስህተት አይቶ እስከ ፋሲካ በልቷል። ከዚያ በኋላ ሚስቱ አብራው አልተኛችም።"

ይህ ሲነገር ሃሊማ የቅጠሉን ጠርዝ ገለጥ አደረገች። ያልበሰለ ቆጮ ሽታ የማያውቅ ሰው አፍንጫ ላይ እንዴት እንደሚወጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሻለቃው መሐረቡን አወጣ። ከመሐረቡ ሥር ሆኖ፣ ያልታየች ኳስ የገባች አይደለችም፣ ባሕር በልቷታል፣ ሌላ ጣል አለ። ለሱማ ይሻለዋል፤ ኳሷ ከገባች ተሸናፊ እሱ ነው።

ካፒቴኑ ግን እንደ ልጅ እልህ ያዘው። ከሁሉም ማንን እንደሚያምን አስቦ ኖሮ ፊቴ ተቀመጠ። ከረሜላ አወጣ። ወደ ጨፌው እየጠቆመ "ማሬ?" አለኝ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ጠቆመና ቅንድቡን አነሳ።

ያኔ አባቴ ከታች ሆኖ ይሰማል። ኳሷ ግንባሩን መትታው፣ ደሙ በዓይኑ እየወረደ፣ ኳሷን በጡጫው ይዞ እስትንፋሱን ውጦ ይሰማል። ከወታደሮቹ አንዱ ተነስቶ ወደኛ እየመጣ ነበር። መንበረ አየችኝ። በዓይኗ አልተቆጣችኝም፣ አልለመነችኝም። እኔ ደግሞ ያን ቀን ብቻ፣ ከቀን ሁሉ ያን ቀን፣ እውነት መናገር አማረኝ። ጣቴን ቀስሬ በቀጥታ ጠቆምኩ።

የጠቆምኩት ቀዳዳዋን ነበር። ቀዳዳዋ ላይ ግን የመንበረ መቀመጫ ነበረ።

መጀመሪያ ሃሊማ ፈነዳች። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ፣ ከዚያ ጀርባቸውን የሰጡት ወንዶች ዞረው አይተው ትከሻቸው መናጥ ጀመረ። ገብረወልድ ጭንቅላቱን ያዘ። ባለጌ ልጅ ነው፣ የእንጀራ እናቱን በሰው ፊት ሊያዋርድ ነው፣ በኛ አገር ይህ ትልቅ ስድብ ነው ብሎ አስረዳ። ሻለቃው ሆዱን ይዞ፣ መሐረቡን ጥሎ፣ ፈረሱን ተደግፎ ሳቀ። የመጣው ወታደርም ሳቀ። ካፒቴኑ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከረሜላውን ወደ ኪሱ መለሰው።

ከዚያ ሌላ ኳስ ጣለ፣ ሳተ፣ ተሸነፈ። ሻለቃው በድሉ ደስ ብሎት ጠጅ ጠጣ፣ አባ ተካን ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ ፀሐዩም ከሮ ስለነበር ወታደሩን አሰልፎ ወደ ወልቂጤ ተመለሰ። ቤት ለቤቱ ቀረ። እኔ ከረሜላዬም ግብዣዬም ቀርቶብኝ አጥሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። መንበረ ወታደሮቹ ከዓይን ከጠፉ በኋላም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ስስታም፣ ቆጮዋን እየጠበቀች ነው አልኩ በሆዴ። ሃሊማ መጥታ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። "ተነሺ እህቴ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሄደዋል" ስትላት ሰማሁ። መንበረ ልትነሳ ሞክራ መልሳ ተቀመጠች፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው አነሷት። ያን ያህል ስትቀመጥ እግሯ ደንዝዞ ነው መሰለኝ።

የዚያን ለታ በጥፍሯ ሳትለካ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ቅቤም ነበረው። እምቢ ብዬ ገፋሁት።

ከዚያ በኋላ ስም አወጣሁላት፤ "ኳስ ታቃፊ"። ለሰፈሩ ልጆች ዜማ አበጀሁለት፣ ውሃ ስትቀዳ ከኋላዋ ይዘፍኑታል፣ ገበያ ስትወጣ ይዘፍኑታል። ትልልቆቹ ሲሰሙ ይቆጡን ነበር፤ እሷ አንድም ቀን ዞር ብላ አታይም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አባቴ "ከአዲስ አበባ" መጣ። ያነክሳል፤ መኪና ገጭቶኝ ነው አለ። ግንባሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረችበት። ዜማውን የሰማ ቀን በትሩን ይዞ ተነሳብኝ፤ መንበረ ግን ክንዱን ያዘችውና በዓይኗ አስቀመጠችው። አፍራ ነው፣ ነገሩ እንዳይነሳባት ነው አልኩ።

አድጌ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ነገድኩ፣ ከሰርኩ፣ ወልቂጤ ተመልሼ ሱቅ ከፈትኩ። መንበረና አባቴ እርጅና ሲመጣባቸው ቡታጅራ ሴት ልጃቸው፣ እህቴ ጋ ሄዱ። ለመስቀል ስሄድ እጅ መንሻ ለአባቴ ነበር የምወስደው። ለሷ ሰላምታ ብቻ።

አባቴ የነገረኝ እህቴ ቤት ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። ሁሉንም ነገረኝ፤ ጫካውን፣ ጭኑን፣ ቀዳዳዋን፣ ቁስሉ ሲሽር በሌሊት ወደ ጫካ መመለሱን፣ የገብረወልድን አስተርጓሚነት። የቅቤ ጉርሻው የማን እንደነበር ነገረኝ፤ ለኔ ጎመን የደረሰኝ ለምን እንደሆነም። እሷ ራሷ ያን ወር በሙሉ ምን ትበላ እንደነበር እሱም አላወቀም።

"ስትጮህ ሰምቼሃለሁ" አለኝ። "ድምፅህን ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበርና፣ አታምነኝም፣ ደስ አለኝ። አደገ ድምፁ አልኩ።"

ለምን እስከ ዛሬ ደበቃችሁኝ አልኩት። መሬት መሬት አየ።

"አስምላኝ ነው። 'አባቴን ላስገድል ነበር ብሎ ልጁ ከራሱ ጋር ከሚጣላ፣ እኔን ይጥላ' አለችኝ። 'እኔ እችለዋለሁ' አለች።"

ተነስቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። መንበረ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር ተቀምጣ ማረቆ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ጉልበቷ ላይ ወደቅሁና እቅፍ አደረግኋት። እናቴ፣ አመሰግንሻለሁ አልኳት፤ እናቴ ስላት የመጀመሪያዬ ነው። እሷም የበርበሬ እጇን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ እንዳትነካኝ እየተጠነቀቀች፣ ተነስ አንተ፣ ዓይንህ ይቃጠላል አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን፣ ሁለታችንም በበርበሬው አሳበብን።

እንግዲህ ይቺን የበርበሬዋን ነው የፈጠርኳት።

አባቴ ያን ሁሉ የነገረኝ በመንበረ ተዝካር፣ በአርባዋ ቀን ነው። ቄሶቹ ፍትሐታቸውን ጨርሰው ሄደው፣ ለቀስተኛው በልቶ ተነስቶ፣ እኛ ደጃፍ ላይ ቀርተን። ተነስቼ ወደ ውስጥ መግባቴ እውነት ነው። መስኮቱ ሥር ማንም አልነበረም።